ጉንቮርና አራተኛው ምዕራፍ

ሴፕቴምበር 2

የዲፌንሴ፣ የዶክትሬት ጽሑፌን በሰው ፊት የምከላከልበት ቀን ተቆረጠ። ዲሴምበር 12፣ ሐሙስ፣ በትልቁ አዳራሽ። ኤስኪል ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ "በይ እንግዲህ ኢልቫ፣ ከዚህ ወዲያ ማፈግፈግ የለም" አለኝ። ኤስኪል የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ነው፤ በወረቀት ደግሞ ሁለተኛ አማካሪዬ። በወረቀት ያልኩት አምስት ዓመት ሙሉ ያማከረችኝ ጉንቮር ስለሆነች ነው።

ሦስቱ ምዕራፎች ታትመዋል፤ የቀረው አራተኛው ነው። እዚህ ሰሜን ስዊድን ሐይቆቹ ከዓመት ዓመት እየጠቆሩ ነው፤ ከጫካው የሚወርደው ውሃ ሻይ ያስመስላቸዋል። የእኔ ሥራ ውሃው ሲጠቁር ፐርች የሚባለው ዓሣ ምን እንደሚሆን ማወቅ ነው። የዓሣ ጆሮ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ጠጠር አለች። እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አላት፤ በማይክሮስኮፕ እያየሁ በየዓመቱ ምን ያህል እንዳደገ አነባለሁ። እናቴ ለጎረቤት "ኢልቫ የዓሣ ጆሮ ትመረምራለች" ትላለች። ሐኪም የሆንኩ ይመስላቸዋል።

ጉንቮር ምዕራፉን ዛሬ መለሰችልኝ። "ስለ ሐይቁ ጥልቀት የሚያወራው ክፍል የት ሄደ? መልሺው" ብላ ጽፋበታለች። በጁን "አውጪው" ያለችኝ ራሷ ነበረች። ወይም እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማሁት። ያኔ ደክሞኝ ነበር፤ ሰው ሲደክመው የሚሰማው የፈለገውን ነው።

እመልሰዋለሁ።

ሴፕቴምበር 10

ከጉንቮር ጋር ስብሰባ ነበረን። ሁለት ጊዜ "ሲግሪድ" ብላ ጠራችኝ። ሲግሪድ የመጀመሪያ ተማሪዋ ናት፤ ዛሬ ፀጉሯ የሸበተ ትልቅ ባለሥልጣን ሆናለች። አላረምኳትም። ጎበዝ ተማሪ ስም አይረሳም፤ አምስት ዓመት አብሬያት ሠርቼ ስሜን ካልያዘች ጥፋቱ የማን ነው?

ሶሩሽ ሲስቅ ዋለ። ሶሩሽ ቢሮ የምንጋራው የሺራዝ ልጅ ነው፤ ዶክትሬቱን ከጀመረ ሁለት ዓመቱ። በአገሩ ልማድ ጉንቮርን በስሟ ብቻ መጥራት ሞት ነው የሚሆንበት። "ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ካሉ…" ብሎ በጀመረ ቁጥር ጉንቮር ላጲስ ትወረውርበታለች።

"ጉንቮር በለኝ! እርስዎ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም!"

"እሺ ፕሮፌሰር ጉንቮር" ይላታል።

ዛሬ ግን ላጲሱን አልወረወረችም። "እሺ፣ ቀጥል" ብቻ አለችው። እሱም ግራ ገባው መሰለኝ።

ሴፕቴምበር 18

ክፍሉን መልሼ ላክሁ። ዛሬ መጣ። ዳር ላይ በቀይ፦ "ይሄ እዚህ ምን ይሠራል? አውጪው።"

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሶሩሽ በሩን አንኳኳ። "ኢልቫ፣ ብቻሽን ነሽ ወይስ ከዓሣዎቹ ጋር ነሽ?" አለኝ። እያለቀስኩ አሳቀኝ፤ ይሄ ልጅ።

ያ ክፍል መኖር አለበት ወይስ የለበትም? እኔ ራሴ ማወቅ ነበረብኝ። አምስተኛ ዓመት ላይ ያለ ሰው የጽሑፉን ሆድና ጀርባ ካልለየ ምኑን ተማረው?

ሴፕቴምበር 25

በቡና እረፍት ሰዓት ኤስኪል ጸሐፊዋን ሲያናግራት ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። "ጉንቮር ዘንድሮ ኢልቫን አላስቀምጥ አለቻት አይደል?" አላት። ጸሐፊዋም "እንጃ፤ ከበጋው ዕረፍት ከተመለሰች ወዲህ እንዲህ ናት" አለችው።

እንግዲህ ሰው ሁሉ አውቆታል። በእኔ ተስፋ ቆርጣለች፤ እስክጨርስ እየታገሰችኝ ነው።

ዮአር ማታ "ቅዳሜ አባቴ ጋ እንሂድ፤ የታደነውን የኤልክ፣ የትልቁን አጋዘን ሥጋ እየበለቱ ነው፤ ሰው ሁሉ ይመጣል" አለኝ። ዮአር አብረን የምንኖረው ፍቅረኛዬ ነው፤ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምራል። "አልችልም" አልኩት። "እሺ" አለ፤ በር እንደሚዘጋ ሰው ቀስ ብሎ። በጋውንም እንዲሁ ብዬ ነበር። ፀደዩንም።

ኦክቶበር 4

ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር። ጥሩ ነበር ብዬ ልጻፍ፤ አብዛኛው ጥሩ ነበር።

ሐይቁን በረዶ ሳይዘው መለኪያዎቹን ከውሃው ልናወጣ ከጉንቮር ጋር ጥቁሩ ሐይቅ ሄድን። መኪናውን እሷ ነች የነዳችው፤ ለማንም አትሰጥም። ወደ ጫካው የምትገባውን መታጠፊያ አለፍናት። "ወሬ አበዛሁ" ብላ ሳቀች፤ ዞረን ተመለስን።

ጀልባው ላይ ስትወጣ ግን ያቺ የድሮዋ ጉንቮር ናት። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፤ መቅዘፊያውን ለእኔ አትሰጥም። መለኪያዎቹ የታሰሩባቸውን ተንሳፋፊዎች አንድ በአንድ እየያዘች ገመዱን ስትስብ እጇ ራሱ ያስባል። "ነፋሱ ከዚያ በኩል ሲመጣ ዓሣው ከዚህ አለት ሥር ይጠጋል፤ መጽሐፍ ላይ አታገኚውም" አለችኝ። ስለ ምዕራፉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም አላነሳሁ። ዳቦና የተጨሰ ዓሣ በላን። አንዲት ወፍ በውሃው ላይ ስታልፍ ጣቷን አንስታ ዝም አሰኘችኝ። እንደዚህ ያለ ቀን ነው ይሄን ሥራ ያስመረጠኝ።

ስንመለስ ዋናው መንገድ ጋ ስንደርስ መኪናውን አቆመች። ከኋላችን ማንም አልነበረም። ሞተሩ እየሠራ ሁለቱንም አቅጣጫ አየችና "ግራ ነው ቀኝ?" አለችኝ፤ ቀለል አድርጋ፣ ሻይ በስኳር ነው ያለ ስኳር እንደማለት።

"ቀኝ" አልኳት።

ሠላሳ ዓመት የተመላለሰችበት መንገድ ነው። ጭጋግ ነበር።

ብዙ ጭጋግ እንኳ አልነበረም።

ኦክቶበር 16

ማታ ብቻ ነው የምጽፈው፤ ቀን ምዕራፉ ይበላኛል። በኖቬምበር ሰባት ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። ካለፈ ቀኑም ያልፋል። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ደሞዜ በዲሴምበር መጨረሻ ስለሚቆም፣ ከዚያ በኋላ በምን እንደምጨርስ አንድዬ ይወቀው።

ዛሬ የጠጠሯን ፎቶ ስዘረጋላት፣ "ያቺ… ያቺ…" አለች። በጣቷ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። "ያቺ የጆሮዋ ነገር።" ከዚያ ሳቀች። በዚች ጠጠር ላይ መጽሐፍ የጻፈች ሴት ናት። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በደንብ ብጽፈው ኖሮ ባልሰለቻት።

ኦክቶበር 22

ሶሩሽ ዛሬ በሩን ዘጋና ወንበሩን ወደ እኔ ጎተተ። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪኝ። ችግሩ ያንቺ ጽሑፍ አይደለም።"

"ምንድን ነው ታዲያ?"

"ፕሮፌሰር በዚህ ሳምንት አንድ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አመጡልኝ። ሦስቱንም ጊዜ 'ይሄን አግኝቼልሃለሁ!' ብለው፤ በዚያው ደስታ። አጎቴ እንደዚህ ነበር የጀመረው።"

ተቆጣሁት። ሰው ከጀርባው አይታማም አልኩት፤ ሰው መርሳት ይችላል፣ ሰው ይደክመዋል፣ አንተ ሁለት ዓመት ነው የምታውቃት አልኩት። "እሺ" ብሎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ አልተነጋገርንም።

አሁን የምጽፈውን ማንም አያነበውም፤ ስለዚህ ልጻፈው። ያን ሲለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነበር። "እኔ አይደለሁም" አልኩ በልቤ። የምወዳት ሴት እየጠፋች ነው ሲሉኝ እኔ ጽሑፌ ደህና መሆኑን ሰምቼ ደስ አለኝ።

ኦክቶበር 25

ኤስኪል ቢሮው ጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ። "ከጉንቮር ጋር ሁሉ ነገር ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ትንሽ ደክሟታል። ሁላችንም ደክሞናል።"

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ስለ አዳራሹ ማውራት ጀመረ።

ኖቬምበር 2

ቅዳሜ።

ጠዋት የመጀመሪያው በረዶ ጥሎ ነበር። ቁርስ ላይ እያለን ስልኬ ጮኸ። ጉንቮር ናት፤ ድምፅዋ ተቆጥቷል። "መለኪያዎቹን ማን ነው የወሰዳቸው? አንድም የለም!"

"የት ነሽ?"

"የት እሆናለሁ? ሐይቁ ላይ ነኛ!"

ዮአር ፊቴን አይቶ አንድ ቃል ሳይጠይቅ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ጎማው ገና የበጋ ጎማ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ እየተንሸራተተብን ደረስን። መኪናዋ በሯ ተከፍቶ ዳር ላይ ቆማለች። እሷ ሐይቁ መሐል ጀልባው ላይ ናት፤ ያለ ኮፍያ፣ ያለ ጓንት። የሐይቁ ዳር ስስ በረዶ ይዟል። በጀልባዋ የተሰበረው ጥቁር መስመር ከዳር እስከ መሐል ይታያል። እየዞረች ተንሳፋፊዎቹን ትፈልጋለች። ከወር በፊት በገዛ እጇ ያወጣቻቸውን።

"ጉንቮር!" ብዬ ጮህኩ። አልሰማችም። ዮአር አፉን በሁለት እጁ ከበበና በዚያ ሕጻናትን ጸጥ በሚያሰኝበት ድምፁ፣ "ጉንቮር! መለኪያዎቹ ቢሮ ናቸው! ነይ፣ ቁርስ አልበላንም!" አላት።

ቀና አለች። መቅዘፊያውን አቆመች። ከዚያ ርቀት ፊቷ አይታይም፤ ትከሻዋ ግን ሲወርድ አየሁት። ቀስ ብላ ቀዝፋ መጣች። ጣቶቿ ከመቅዘፊያው አልላቀቅ አሉ፤ ዮአር አንድ በአንድ አላቀቃቸው።

የእሷን መኪና ዮአር ነዳ፤ እኔ እሷን በእኛ መኪና ይዤ ወረድኩ። ብርድ ልብስ ተጠቅልላ በመስኮት ታያለች። ግማሽ መንገድ ስንደርስ ነው የተናገረችው።

"አውቃለሁ" አለች። "ከበጋው ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሞኝ አይደለሁም።"

ፍጥነቴን ቀነስኩ።

"አንቺን ላድርስ ብዬ ነው። አሥራ ዘጠኝ ተማሪ አድርሻለሁ፤ አንቺ የመጨረሻዬ ነሽ። እስከ ዲሴምበር ዝም በይልኝ ኢልቫ። ከዚያ ወዲያ ራሴ እናገራለሁ።"

"እሺ" አልኳት።

እሺ አልኳት።

ኖቬምበር 3

እንቅልፍ የለም።

ብናገር፦ አማካሪ ይቀየራል፣ ማተሚያ ቤቱ በአራት ቀን ውስጥ ነው፣ ሁሉም ሊፈርስ ይችላል። ዝም ብል፦ ትነዳለች። ቁልፉን መልሰንላታል፤ ኪሷ ውስጥ ነው።

ዮአር ፒያኖው ጋ ተቀምጦ ሳይጫወት ቆየና "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ። "ዝም የምትይው ለእሷ ብለሽ ነው ለራስሽ?"

"ለእሷ! ለምናኛለች እኮ!"

"እሺ።"

"ምንድን ነው እሺ?"

"እሺ ማለት እሺ ነው። አንቺ ታውቂያለሽ።"

ከራስ በላይ ነፋስ ይላሉ። ለእሷ ብዬ ነው ብዬ መማል ከፈለግሁ እዚህ ደብተር ላይ ልማል። እጄ አልጽፍ አለ።

ኖቬምበር 4

ሥራ ከመግባቴ በፊት ቤቷ ሄድኩ። ከእህቷ ከማይብሪት ጋር ነው የምትኖረው፤ ማይብሪት ሥጋ ነጋዴ ነበረች፣ ሰፊና ጸጥ ያለች ሴት። በሩን ከፍታ ፊቴን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ጉንቮር ሳሎን ውስጥ የእኔን ምዕራፍ ዘርግታ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ነበር። ቁጭ አላልኩም። ቁጭ ካልኩ እንደማልናገር አውቃለሁ።

"ዛሬ ለኤስኪል ልነግረው ነው" አልኳት። "ከእሱ በፊት አንቺ እንድትሰሚው ብዬ ነው የመጣሁት።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። "ቃል ገብተሽልኛል።"

"ገብቼ ነበር።"

"ለዲፌንስሽ ፈርተሽ ነው! ምዕራፍሽን ስላበላሸሁት ነው!"

"ውሃው ውስጥ ልትገቢ ትችዪ ነበር ጉንቮር። ወይ መንገድ ላይ ሰው ልትገጪ።"

"እኔን ስለ ውሃ አንቺ ታስተምሪኛለሽ? ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ እዚያ ሐይቅ ላይ ነኝ! ውጪልኝ!" ብላ ተነሳች። ወደ በሩ ሄዳ ከፈተችው። ከዚያ መያዣውን ይዛ ቆመች፣ ለምን እንደተነሳች የጠፋት ትመስል ነበር። አይ፣ ጠፍቷት ነበር። ዓይኗን አየሁት። ለካ የተቆጣችው በእኔ አልነበረም፤ ይሄን ፈርታ ነበር።

ልይዛት ፈለግሁ። እጄን ዘረጋሁና ፈራሁ፣ መለስኩት። ወጣሁ። አሁን ሳስበው መያዝ ነበረብኝ።

ከምሳ በፊት ለኤስኪል ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ባለፈው ስጠይቅሽ ደህና ናት አልሽኝ" ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ብቻሽን ተሸክመሽው ከረምሽ" አለኝ። ብቻ ይሄን ነው ያለኝ።

ኖቬምበር 7

ገባ። ማተሚያ ቤት ገባ።

ኤስኪል ሁለት ሌሊት ከእኔ ጋር ሲሠራ አደረ ማለት ይቻላል። የምዕራፉን ረቂቆች ሁሉ ጎን ለጎን አስቀመጠ። "ይሄን እንልካለን" አለ።

የጁኑ ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩት፣ የጥልቀቱ ክፍል ያለበት።

"ይሄ እኮ ያኔ አልቆ ነበር" አለኝ። "ጥሩ ነው። ምንም አልጎደለውም።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አራት ወር ራሴን ያላልኩት ስድብ የለም። እሷም እዚያ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ያለቀውን ነገር እየፈታች እየቋጠረች፣ አንድ ነገር እንደጠፋት እያወቀች ግን ምን እንደሆነ ሳታውቅ። ሁለታችንም በአንድ ወረቀት ላይ ተጎንብሰን፣ ሁለታችንም ጥፋቱ የኔ ነው ብለን።

ኖቬምበር 20

ጥራዙ መጣ። እንደ ዩኒቨርሲቲው ልማድ ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ በምስማር መታሁት፤ ማንም መጥቶ እንዲያነበው። አውራ ጣቴን ቀጠቀጥኩት። ሶሩሽ "ዶክተር ጥሩልን!" ብሎ ጮኸ። ለዚያ ቀን ቁጣዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። "ያን ዕለት ተቆጥተሽ ነበር እንዴ?" አለኝ፤ ውሸታም። እናቴ አለቀሰች። ዮአር የተመታውን ጣቴን ሲያይ ሳቀ፤ ስንት ወር ነው እንደዚህ ሲስቅ ካየሁት።

ጉንቮር አልመጣችም። መዶሻውን ከመያዜ በፊት ሦስቴ በሩን ዞሬ አየሁ።

ማታ ማይብሪት ደወለች። "ሐኪም ዘንድ ሄዳለች። እንደፈራነው ነው፤ ግን ገና ጅምሩ ነው ይላሉ። የመኪናዋን ቁልፍ ራሷ ናት ያስረከበችኝ።"

"ተቆጥታኛለች?"

"ትቆጣለች። ማንን እንደምትቆጣ ግን እንጃ። አንዳንድ ቀን እኔን ነው።"

"ልምጣ?"

"አሁን አይሆንም፤ ትንሽ ቆይተሽ" አለችኝ።

ዲሴምበር 11

ነገ።

ዋናው ጠያቂዬ ከሄልሲንኪ ደርሰዋል። ሸሚዜን ዮአር ተኮሰልኝ። ብዙ ሰው ይመጣል፤ የሚመጡትን ሳይሆን የማይመጡትን ነው የምቆጥረው።

ዲሴምበር 12

ሁሉም ተኝቷል። እኔ እንቅልፍ አልመጣልኝ አለ፤ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ሰው የነገረኝ ይመስለኛል።

የሄልሲንኪው ሰው ጥያቄያቸው ይነክሳል፣ ግን ጨዋ ናቸው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ከምዕራፍ ምዕራፍ አፋጠጡኝ። አራተኛውን "በጣም የወደድኩት" አሉ። የት ልግባ! ኮሚቴው ጠየቀ። ከዚያ ሰብሳቢው እንደ ደንቡ ወደ አዳራሹ ዞረው "ከታዳሚ ጥያቄ ያለው?" አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይጠይቅም፤ ሰው ርቦታል።

ከኋላ አንድ እጅ ተነሳ።

ስትገባ አላየኋትም። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፤ ማይብሪት አጠገቧ ናት። ጉንቮር ተነስታ ቆመች። ድምፅዋ እንደ ድሮው አዳራሹን ሞላው።

"ውሃው ሲጠቁር ዓሣው በደንብ አያድግም ብለሻል። ታዲያ ትንንሾቹ ወደ ጠራው ወንዝ ለምን አይወጡም? ጨለማው ውስጥ መቆየት ምን ይጠቅማቸዋል?"

ጥያቄዋ ግሩም ነበር። የሄልሲንኪው ሰው ራሳቸው ቀና አሉ። እኔም መለስኩ፤ በደንብ መለስኩ። ጨለማው ከትልልቆቹ ይደብቃቸዋል፤ ጥቂት እያደጉ መኖር ከመበላት ይሻላል። ሰንጠረዡን አሳየሁ። "አመሰግናለሁ" ብላ ተቀመጠች። ሌላ አንድ ሰው ስለ ሙቀት አጭር ነገር ጠየቀ፤ እሱንም መለስኩ። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

እጇ እንደገና ተነሳ። ቆመች። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ጉጉት፦

"ውሃው ሲጠቁር ዓሣው በደንብ አያድግም ብለሻል። ታዲያ ትንንሾቹ ወደ ጠራው ወንዝ ለምን አይወጡም?"

ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ። ማይብሪት የቀሚሷን ጫፍ ያዘች። ሶሩሽ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ኤስኪል ከመቀመጫው ግማሽ ተነሳ፤ የሆነ ነገር ብሎ ሊሸፍንላት፣ ሊሸፍንልኝ። ራሴን ነቀነቅሁበት። ተቀመጠ።

እሷን ብቻ አየሁ። ፊቷ ላይ ምንም ጥርጣሬ የለም። ጥሩ ጥያቄ አግኝታለች፤ መልሱን ማወቅ ትፈልጋለች። በቃ።

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አልኳት፤ እውነቴን ነበር። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስለ ጨለማው ነገርኳት፣ ስለ ትልልቆቹ ዓሦች። ሰንጠረዡን መልሼ አሳየኋት። ግን እየተናገርኩ፣ ለሁለተኛ ጊዜ በጆሮዬ ስሰማው፣ መልሱ ቀዳዳ እንዳለው ታየኝ። ወደ ወንዙ የወጡ ትንንሾች ካሉ እኔ እንዴት አወቅሁ? መረቤን የዘረጋሁት ሐይቁ ውስጥ ብቻ ነው። የወጣውን አልፈለግሁትም።

አቆምኩ። የሄልሲንኪው ሰው እስክሪብቶ አነሱ።

"እውነቱን ለመናገር" አልኩ፣ "አለመውጣታቸውን አላውቅም። ወንዙን አልለካሁትም። አይወጡም ብዬ የያዝኩት ስላልፈለግኋቸው ነው።"

ጉንቮር ፈገግ አለች። ከበጋው ወዲህ ያላየሁት ፈገግታ።

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለች። "ሂጂና ለኪው!"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ መጣ፤ በእጄ ጀርባ ጠረግሁት። እሷ ዙሪያዋን አየች፣ ምን ብላ እንዳሳቀች ገርሟት፣ ከዚያ እሷም አብራ ሳቀች።

አለፍኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ የመጨረሻውን መልስ ጽፈውልኛል። በእራቱ ሰዓት አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። አሁንም ተቆጥታ ይሁን ወይም ረስታው አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁም። በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ልዘረጋ ነው አልኳት።

"የምዘረጋበትን ቦታ ግን አላውቀውም።"

"እኔ አውቀዋለሁ" አለች፣ የዳቦዋን ግማሽ ቆርሳ ሳህኔ ላይ እያስቀመጠች። "አሳይሻለሁ። ቀዛፊዋ ግን አንቺ ነሽ።"